ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ወጣት ገንዘቡን እንዴት ይያዝ?

በአገራችን ልማድ ሩቅ መንገድ የሚሄድ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ስንቁ ነው። በሶው ተፈጭቶ፣ ዳቦ ቆሎው ተቆልቶ፣ ቅሉ ውሃ ተሞልቶ ሳያይ በቅሎውን የሚጭን መንገደኛ ቢኖር፣ ጎረቤቶቹ ሞኝ ይሉት ነበር እንጂ ደፋር አይሉትም ነበር። ዛሬ መንገዱ በአውሮፕላን ሆኖ ስንቁ ገንዘብ ሆኗል፤ ገንዘቡም ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ከመዳፍ የማይበልጥ ካርድ ሆኗል። ይሁን እንጂ ስንቅ መልኩን ለወጠ እንጂ ሕጉን አልለወጠም። ዛሬም ቢሆን ስንቅ የሚሰናዳው በቤት ነው እንጂ በመንገድ ላይ አይደለም። በዚህ እሑድ ለወጣቶቻችን ልናሳስብ የወደድነው ይህንኑ ነው።

ነገሩን ከቅርብ ለመመልከት ያህል፣ ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ የሚወስደውን መንገድ እንያዝ። አምቦን፣ ጉደርንና ጌዶን አልፈን፣ ባኮ ከመድረሳችን በፊት፣ ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ እጃጂን እናገኛለን። እጃጂ በምዕራብ ሸዋ ዞን የኢሉ ገላን ወረዳ መቀመጫ ናት። ከዚህች ከተማ የወጣ አንድ ልጅ፣ እንበል፣ አምቦ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ትምህርቱን በማዕርግ ጨርሶ በውጭ አገር የሁለት ዓመት የትምህርት ዕድል አገኘ። ወይም በወረዳው መሥሪያ ቤት የምትሠራ አንዲት ወጣት ለሦስት ወር ሥልጠና ወደ ሩቅ አገር እንድትሄድ ተመረጠች። የምሥራቹ በተሰማ ዕለት በቤቱ እልልታ ይሆናል፤ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ቡና ይፈላል። በዚያ ሁሉ ደስታ መካከል ግን፣ «ለመሆኑ ልጄ፣ ገንዘቡን በምን ይዘህ ነው የምትሄደው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ገንዘቡ የማን እንደ ሆነ ማወቅ የዚህ ሁሉ መጀመሪያ ነው። በተማሪው ኪስ ያለው ገንዘብ ምናልባት አባቱ የሸጡት በሬ ነው፤ እናቱ ተራዬ ይቅደምልኝ ብለው ለምነው የወሰዱት ዕቁብ ነው፤ አጎቱና አክስቱ፣ ጎረቤቱም ያዋጡት ነው። የወጣቷ ሠራተኛ አበል ደግሞ የመንግሥት፣ ማለት የሕዝብ ገንዘብ ነው። ከዚህም በላይ ብሩ ወደ ዶላር ሲለወጥ፣ ያ ዶላር ከሰማይ የወረደ አይደለም። ቡና፣ ወርቅ፣ ቅባት እህልና አበባ ወደ ውጭ ተሽጦ፣ በባዕድ አገር የሚሠሩ ወገኖቻችንም ለቤተ ሰባቸው ልከው የተገኘ ነው። እንግዲህ በሰው አገር በአንድ ማታ የሚባክን 100 ዶላር የአንድ ሰው ኪሣራ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ገንዘብ ይዞ ከአገር አገር መዞር ለኢትዮጵያውያን አዲስ ነገር አይደለም። የጥንቱ ሲራራ ነጋዴ ወደ ምዕራብ ሲወርድ አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ ይዞ ይሄድ ነበር። አሞሌውም ከተቆረጠበት ከአፋር በረሓ በራቀ ቍጥር ዋጋው ስለሚጨምር፣ በየገበያው በአንድ ማሪያ ትሬዛ ብር ስንት አሞሌ እንደሚመነዘር ሳያጣራ ጭነቱን አይፈታም ነበር። የማሪያ ትሬዛንም ብር፣ ያን 1780 የሚል የአውሮጳ ዓመት የተቀረጸበትን፣ የንግሥቲቱን የዕንቍ ጌጥ ሳይቀር አገላብጦ ሳይመረምር አይቀበልም ነበር። ይህ ነጋዴ ፊደል ባይቈጥርም ሦስት ነገር ጠንቅቆ ያውቅ ነበር፤ ይኸውም ገንዘቡ የት እንደሚሠራ፣ በስንት እንደሚመነዘር፣ እውነተኛውንም ከሐሰተኛው በምን እንደሚለይ ነው። ዛሬ ዲግሪ ይዞ አውሮፕላን የሚሳፈር ወጣት እነዚህን ሦስቱን ሳያውቅ ቢሄድ ያሳፍራል። እኛም ምክራችንን በእነዚሁ በሦስቱ እንከፍለዋለን።

በመጀመሪያ፣ ገንዘቡ የት እንደሚሠራ ነው። አሞሌ ከምንጩ ሲርቅ ይወደድ ነበር፤ ብራችን ግን ከድንበር ሲወጣ የሚመነዝረው አያገኝም። በዴልሂ ወይም በቤጂንግ ባንክ ፊት ባለ 200 ብር ኖት ቢዘረጉ በምንዛሬ ዝርዝሩ ላይ የኢትዮጵያን ስም አግኝቶ የሚቀበል ጸሓፊ ይገኛል ብሎ ተስፋ ማድረግ ከንቱ ነው። ከአገር ይዞ መውጣት የሚፈቀደውም የብር መጠን በኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ መመሪያ የተወሰነ ነው። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ የለመድነው ቴሌብርም በእጃጂ ሱቅ ስኳርና ሳሙና ለመግዛት እጅግ ቢመች፣ በውጭ አገር ሱቅ ግን ዳቦ አይገዛበትም።

ካርድም ቢሆን ሁሉም አንድ አይደለም። በብር ሒሳባችን ላይ የተሰጠን ተራ ካርድ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በአገር ውስጥ ብቻ ነው። በአምቦም ሆነ በአዲስ አበባ ኤቲኤም በሚባለው የገንዘብ መኪና ላይ ሲከፍል የኖረ ካርድ በባዕድ አገር መኪና ውስጥ ሲገባ ባዶውን ሊመለስ ይችላል። ለውጭ አገር የሚሆነው ካርድ ቪዛ ወይም ማስተርካርድ የመሰለ የዓለም አቀፍ ድርጅት ምልክት ያለበት፣ ከኋላውም በውጭ ምንዛሬ የተሞላ ገንዘብ ያለው ነው። እንዲህ ያለውን ካርድ ባንኮቻችን ለመንገደኛ እየሰጡ ናቸው። ምልክቱን አይቶ ብቻ መተማመን ግን አይገባም፤ «ይህ ካርድ በምሄድበት አገር ይሠራል ወይ?» ብሎ የአገሩን ስም ጠርቶ ባንኩን መጠየቅ ይገባል።

አንድ ሌላ ነገር ከሁሉ ይበልጥ ይታሰብ። ከውጭ አገር ወደ እጃጂ ገንዘብ መላክ የደቂቃ ሥራ ነው። ከእጃጂ ወደ ውጭ አገር መላክ ግን ፈቃድና ማስረጃ የሚጠይቅ ነገር ነው። በከተማችን ብር አለኝ ያለች እናት ልጇ በባዕድ አገር ቢቸገር በዚያው ቀን ልትደርስለት አትችልም። ተማሪው የትምህርት ቤቱን የመቀበያ ደብዳቤና የክፍያውን ዝርዝር፣ መንገደኛውም ፓስፖርቱን፣ ቪዛውንና የአውሮፕላን ትኬቱን አቅርቦ በሕግ የሚፈቀድለትን የውጭ ምንዛሬ መጠየቅ ያለበት ከመሄዱ በፊት ነው። መጠኑን ብሔራዊ ባንክ በመመሪያ ስለሚወስንና መመሪያውም ስለሚለዋወጥ፣ ባለፈው ዓመት የሄደ ጓደኛ የነገረንን ይዘን አንሂድ፤ የዘንድሮውን ከባንኩ እንስማ።

በባንኩ ሳለንም ስማችንን እናስተካክል። በእኛ አገር ስም የራስ፣ የአባትና የአያት ነው፤ የባዕድ አገር ጸሓፊ ግን የቤተ ሰብ ስም እያለ የአያታችንን ስም ይፈልጋል። በምዕራብ ሸዋ ደግሞ ሌላ ችግር ይጨመራል። ጫላ ወይም ጫልቱ የሚለው ስም በቁቤ ሲጻፍ «ጨ» የሚለው ድምፅ በአንድ የላቲን ፊደል ይወከላል፤ አናባቢውም ሲረዝም ይደገማል። በእንግሊዝኛ ልማድ የጻፈው ሰው ግን «ጨ»ን በሁለት ፊደል አድርጎ አናባቢውን በአንድ ይተወዋል። እንዲህም ሆኖ የትምህርት ማስረጃው በአንድ ዓይነት፣ ፓስፖርቱ በሌላ፣ የባንክ ካርዱ በሦስተኛ ዓይነት ተጽፎ ይገኛል። እኛ ስሙን ስንጠራው አንድ ነው፤ የባዕድ አገር ባንክ ሠራተኛ ግን ሦስት ሰው ነው የሚያየው፤ የተላከለትንም ገንዘብ አልሰጥም ቢል አይፈረድበትም። ስለዚህ የካርዱ ስም ከፓስፖርቱ ጋራ በፊደል ሳይቀር አንድ መሆኑን ማረጋገጥ ከመነሣት በፊት ያለ ሥራ ነው።

በሁለተኛ ደረጃ፣ ገንዘቡ በስንት እንደሚመነዘር ነው። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብር በሥራ ላይ ሲውል አንድ የአሜሪካ ዶላር በ2 ብር ከ50 ሳንቲም ገደማ ይመነዘር ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሬውን ዋጋ ለገበያ ሲለቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዚያው ዕለት ከ70 ብር በላይ ሆነ፤ ጥቂት ሳምንትም ሳይቈይ ከ100 ብር አለፈ። ይህን የምናነሣው ከመንግሥት ፖሊሲ ለመከራከር አይደለም፤ ለመንገደኛው የሚሆን ትምህርት ስላለው ነው። በመጋቢት የተሰላ የጉዞ ወጪ በነሐሴ ላይበቃ ይችላል። ስለዚህ ወጪን በብር ሳይሆን በሚሄዱበት አገር ገንዘብ ማስላት፣ ከዚያም ጥቂት ትርፍ መያዝ የብልህ ሰው ሥራ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ኪሣራ በጥቃቅን የሚመጣ ነው። ጥቃቅን ስለ ሆነም ብዙ ሰው አያየውም። የውጭ አገር የገንዘብ መኪና ገንዘብ በተወሰደ ቍጥር ክፍያ ይቀበላል፤ የራሳችንም ባንክ እንዲሁ። ክፍያው በየጊዜው 5 ዶላር ነው እንበል። አንድ ተማሪ 200 ዶላር ለማውጣት 20 ዶላር 20 ዶላር እያለ አሥር ጊዜ ቢመላለስ 50 ዶላር ይከፍላል። ይህም ከያዘው አንድ አራተኛ ነው። 100 ዶላር 100 ዶላር አድርጎ በሁለት ጊዜ ቢያወጣ ግን ክፍያው 10 ዶላር ብቻ ይሆናል። 40 ዶላሩን ያዳነው ዕውቀት እንጂ ሀብት አይደለም።

እንዲሁም መኪናው ወይም ባለ ሱቁ፣ «ሒሳቡ በካርድህ ገንዘብ ይሁን ወይስ በዚህ አገር ገንዘብ?» ብሎ ይጠይቃል። እንግዳ ሰው የሚያውቀውን ገንዘብ ስም ሲሰማ ደስ ብሎት ዶላር ይላል። በዚህ ጊዜ ምንዛሬውን የሚተምነው ባለ መኪናው ነው፤ ለራሱም ትርፍ ይጨምርበታል። ከ100 እጅ 5 ቢወስድ፣ ከ400 ዶላር 20 ዶላር ሄደ ማለት ነው። መልሱ ሁልጊዜ የአገሩ ገንዘብ መሆን አለበት፤ በሕንድ ሩፒ፣ በቻይና ዩዋን፣ በቱርክ ሊራ። በአውሮፕላን ጣቢያ ያሉ መንዛሪዎችም ዋጋቸው ብዙ ጊዜ የከፋ ስለ ሆነ፣ ለታክሲና ለምሳ የሚበቃ ብቻ መንዝሮ ቀሪውን በከተማ ማድረግ ይሻላል። ሆቴልም በገባን ጊዜ ለዋስትና ብሎ ከካርዱ ላይ ገንዘብ ሊያግድ ይችላል። የታገደው ገንዘብ የእኛ ቢሆንም እስኪለቀቅ ድረስ አንጠቀምበትም። ይህን ያላወቀ ሰው ካርዱ ባዶ ሆኖ ሲያገኘው ተሰረቅሁ ብሎ ይደነግጣል።

በካርድ ብቻ ወይም በጥሬ ገንዘብ ብቻ መተማመንም አይገባም። በለንደን ከተማ አውቶቡሶች እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ከሐምሌ 2014 ጀምሮ ጥሬ ገንዘብ አይቀበሉም፤ ኪሱ ሙሉ ኖት የሆነ እንግዳ ካርድ ከሌለው በፌርማታ ቆሞ ይቀራል። በቻይና ሰው ሁሉ የሚከፍለው በስልኩ ነው፤ የውጭ አገር ካርድን ከዚያ አከፋፈል ጋራ ማያያዝ እየተቻለ ስለ ሆነ፣ ይህን ከመሄድ በፊት ማሰናዳት ብዙ ድካም ያስቀራል። በሕንድ ደግሞ እንደዚሁ አቆጣጠር ኅዳር 8 ቀን 2016 ማታ መንግሥት ባለ 500ና ባለ 1,000 ሩፒ ኖቶች ከእኩለ ሌሊት በኋላ እንደማይሠሩ ዐወጀ፤ ጥሬ ገንዘብ ብቻ የያዘ መንገደኛ በባንክ ደጅ ሰልፍ ያዘ። እኛም መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. የብር ኖቶቻችን ሲለወጡ ያየነው ስለ ሆነ ነገሩ አይገርመንም። ምክራችን እንግዲህ ይህ ነው፤ አንድ ካርድ በኪስ፣ ቢቻል ሌላ ካርድ በሻንጣ፣ ጥቂት ንጹሕ የዶላር ኖት ደግሞ ከሁለቱም በተለየ ቦታ ይቀመጥ። የተቀደደ ወይም የተጻፈበት ኖት ብዙ መንዛሪ አይቀበልም።

በሦስተኛ ደረጃ፣ እውነተኛውን ከሐሰተኛው መለየት ነው። «ጠርጥር፣ ከገንፎ መካከል ይገኛል ስንጥር» የሚለው የአባቶች ቃል ለካርድ የተነገረ ይመስላል። የካርድ ምስጢር ቍጥር እንደ ስሙ ምስጢር ነው፤ ለወዳጅም፣ ለክፍል ጓደኛም፣ የባንክ ሠራተኛ ነኝ ብሎ ለሚደውልም አይነገርም። በካርዱ ጀርባ ወይም በዚያው ቦርሳ ውስጥ በወረቀት ጽፎ ማስቀመጥ ቤትን ቈልፎ ቍልፉን በደጅ ላይ እንደ መስቀል ነው። ቍጥሩን ስንጽፍ በሌላው እጃችን እንሸፍን፤ ሦስት ጊዜ ከተሳሳትን ካርዱ ብዙውን ጊዜ ስለሚታገድ፣ ሁለት ጊዜ ከተሳሳትን በኋላ ቆም ብለን እናስብ። በመንገድ ዳር ብቻውን ከቆመ መኪና ይልቅ በባንክ ውስጥ ያለው ይመረጣል፤ ካርዳችንን ቢያስቀርብን እንኳ የምናነጋግረው ሰው አለና።

ባንኩ አንዳንድ ጊዜ የማረጋገጫ ቍጥር በስልክ ይልካል። የኢትዮጵያ ስልካችን በውጭ አገር እንዲሠራ ሮሚንግ የተባለውን አገልግሎት ካላስከፈትን፣ ወይም ሲም ካርዱን አውጥተን ከጣልነው ያ ቍጥር አይደርሰንም፤ ገንዘቡም እያለን እንደሌለን እንሆናለን። ካርድ ሲጠፋ የሚደወልበትንም የባንኩን ስልክ ከካርዱ ውጭ በሌላ ቦታ ጽፎ መያዝ ያስፈልጋል፤ ካርዱ ከጠፋ በጀርባው ያለው ስልክ ምን ይጠቅማል?

ከባንክ ውጭ በጓሮ የሚገኝ ዶላርም ሐሰተኛ መንገድ ነው። ርካሽ መስሎ ቢታይ እንኳ ደረሰኝ የለውም፤ የሐሰት ኖት ቢገኝበት የሚመልስ የለም፤ ከሕግ ጋራም ያጋጫል። ዛሬ ከባንኮች ሌላ ፈቃድ ያላቸው የውጭ ምንዛሬ ቢሮዎችም ስላሉ፣ በጨለማ መሄድ ምክንያት አጥቷል። ወጣት ሠራተኞቻችን በተለይ ይህን ያስቡ። የመንዛሪውን ደረሰኝ፣ የሆቴሉንና የመጓጓዣውን ደረሰኝ በአንድ ፖስታ ሰብስቦ ያልመለሰ ሰው ሒሳብ በሚያወራርድበት ቀን አንደበቱ ብቻ ምስክር አይሆነውም።

እስከ አሁን የተናገርነው ስለ ዕውቀት ነው። ገንዘብን የሚጨርሰው ግን ሁልጊዜ አለማወቅ አይደለም፤ ይሉኝታም ነው። ከውጭ የሚመጣ ሰው ባዶ እጁን አይገባም የሚል ልማድ አለን። ልማዱ የፍቅር ነው፤ ነገር ግን ገና በመጀመሪያው ወር ለወንድም ስልክ፣ ለእኅት ጫማ የገዛ ተማሪ በአራተኛው ወር የሚበላው ያጣል። ሲያጣም ደግሞ ያው ይሉኝታ አፉን ይዘጋዋል፤ «ደኅና ነኝ እማዬ» እያለ በስልክ ይስቃል፤ ማታ ግን ጾሙን ያድራል። ከባዕድ ሰው ይበደራል፤ ብድሩም ብድር ይወልዳል። ለዚህ መድኀኒቱ አንዲት ትንሽ ደብተር ናት። ለስድስት ወር 1,200 ዶላር የያዘ ተማሪ ከመነሻው 200 ዶላር ለክፉ ቀን ቢያኖር፣ የቀረው 1,000 ዶላር በ25 ሳምንት ሲካፈል በሳምንት 40 ዶላር ይደርሰዋል። በየማታው ያወጣውን ቢጽፍ፣ ሳምንቱ ሳያልቅ ገንዘቡ ሲያልቅ ገና በጊዜ ያየዋል። ስጦታውም ይገዛ፤ ግን በመጨረሻው ወር ከተረፈው ይገዛ። ወላጆችም በበኩላቸው ልጃቸውን ሲሸኙ፣ «ምንም አታምጣልን፤ አንተ ብቻ ተምረህ ና» ብለው ቢነግሩት፣ ከብዙ ዶላር የሚበልጥ ስንቅ ሰጡት ማለት ነው። ችግር ሲደርስም መናገር ነውር አይደለም፤ ለትምህርት ቤቱ የተማሪዎች ክፍልም ሆነ ለኢትዮጵያ ኤምባሲ በጊዜ የተነገረ ችግር ግማሹ ተቃለለ ማለት ይቻላል።

ኀላፊነቱን ሁሉ በወጣቱ ትከሻ ላይ መጫን ግን ፍርድ አይደለም። በትናንሽ ከተሞች ያሉ የባንክ ቅርንጫፎች መንገደኛ ሲመጣባቸው፣ «እሱን አዲስ አበባ ሄደህ ጠይቅ» ብለው የሚመልሱ ከሆነ፣ የእጃጂ ልጅ 200 ኪሎ ሜትር ተጉዞ የሚፈልገው አንድ ወረቀት ብቻ ይሆናል። የሚያስፈልገው ማስረጃ ምን ምን እንደ ሆነ፣ ክፍያውም ስንት እንደ ሆነ፣ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ በአንድ ገጽ ተጽፎ በየቅርንጫፉ ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ብዙ ወጪ አያስወጣም። ዩኒቨርሲቲዎችና ሠራተኛ የሚልኩ መሥሪያ ቤቶችም ከጉዞ በፊት ግማሽ ቀን መድበው፣ ከውጭ የተመለሱ ሰዎችንና የባንክ ሠራተኛን ጠርተው ተጓዦቹን ቢያነጋግሩ መልካም ነው እንላለን። ለቪዛና ለትኬት ስንት ወር ስንሯሯጥ፣ ለገንዘብ አያያዝ ግማሽ ቀን መንፈግ ሚዛን የጐደለው ነገር ነው።

አባቶቻችን «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ይሉ ነበር። ገንዘብ በባዕድ አገር ካለቀ በኋላ የሚሰጥ ምክር ሐዘን ማባባሻ እንጂ ምክር አይደለም። እንግዲህ በዚህ ዓመት ለጉዞ የተመረጣችሁ ወጣቶች ሆይ፣ ሻንጣችሁን ከመግዛታችሁ በፊት ወደ ባንካችሁ ሂዱ። ካርዱ የት እንደሚሠራ፣ በስንት እንደሚመነዘር፣ ቢጠፋ ለማን እንደሚነገር ጠይቃችሁ በደብተራችሁ ጻፉ። ይህን አድርጋችሁ የምትሄዱ እንደ ሆነ፣ በሰው አገር ሐሳባችሁ ሁሉ ለሄዳችሁበት ለትምህርቱና ለሥራው ይሆናል፤ በሬውን የሸጡት አባትም በሬያቸውን በከንቱ አልሸጡም ማለት ነው። መልካም መንገድ ይሁንላችሁ።